አርባ አንድ ቅጂ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ትንቢት ግን የፈራችው ነገር እንዲህ ተባዝቶ፣ በስቴፕለር ተመትቶ፣ አርባ አንድ ሆኖ ይደርስብኛል ብላ በሕልሟም አላሰበች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጥቅምት ቢጋመስም የኢሉባቦር ዝናብ ቀን መቁጠሪያ አያውቅምና ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ገና አላባራም። ትንቢት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ የኪጋሊውን የሥራ ውል ልታነብ ከጠረጴዛዋ ላይ ስታነሣው ከሥሩ ሌላ ወረቀት ብቅ አለ። ራስጌው ላይ በራሷ እጅ ጽሕፈት «ገጽ ሦስት» ይላል። አንድ ነጋዴ ያዘዘው ዕቃ ስላልደረሰለት የጻፈው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው፤ ለተማሪዎቿ መልመጃ ብላ ያዘጋጀችው። ይህ ወረቀት ሐሙስ ዕለት ከሌሎቹ ሁለት ገጾች ጋር ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቷል ብላ ነበር የምታስበው። ታዲያ ይሄ እዚህ ከቀረ፣ ከሁለተኛው ገጽ ኋላ የተባዛው ምንድን ነው?

ክው አለች። ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ልጅቷን ዝርክርክ ናት ትሏታላችሁ፣ ዝርክርክ ደግሞ አይደለችም። ትንቢት መቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለውጭ አገር ተማሪዎች እንግሊዝኛ ስታስተምር ስድስት ዓመት ሞላት። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከጅቡቲ፣ ከብሩንዲ በስኮላርሽፕ የመጡ ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከእሷ ጋር ካልተሻገሩ ምሕንድስናውም ግብርናውም አይገፋላቸውም። መስከረም ላይ ስማቸውን ለመናገር የሚያፍሩት ልጆች ሰኔ ላይ ሲከራከሯት ስታይ ፊቷ ይበራል። አንድ ሕግ አላት። ያልገባችሁን ነገር ክፍል ውስጥ ቀብራችሁት አትሂዱ፣ ወጥታችሁ የከተማውን ሰው ጠይቁ ትላቸዋለች። ጉዱን ያፈላችው ያቺ ሕግ ናት።

ፉፋ ደግሞ የያዮ ልጅ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ጣቶቹ ግን እንግሊዝኛውን ከብዙ ባለዲግሪ አጥርተው ይተይባሉ። አራት ዓመት ሙሉ የትንቢትን መልመጃ ሲተይብ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈታ፣ ሳትመዘግበው ተማሪዋ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናንተ መንገር አያሻም። ከተዋደዱ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከእነሱና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም።

ልማዳቸው እንዲህ ነበር። በየሐሙሱ የሳምንቱን መልመጃ በፋይል ታመጣለታለች። ከመጨረሻው ገጽ ኋላ ለእሱ የጻፈችው አንድ ወረቀት ይኖራል። ፉፋ እሱን መዝዞ ለራሱ ያስቀራል፣ የቀረውን በተማሪው ልክ ያባዛል፣ ዓርብ ጠዋት የክፍሉ ተጠሪ መጥቶ ይወስዳል። ፋይሉ ሲመለስላት የፉፋ መልስ ውስጡ ነው። ስልክ ጠፍቶ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ስልክ አለ፤ ኔትወርኩ ነው ሲያሰኘው የሚመጣው። ደግሞም በስልክ የተጻፈ ፍቅር ለትንቢት ፍቅር አይመስላትም።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ፉፋ ሱቁ አልነበረም። እናቱ ጫካ ውስጥ ቡና ሲለቅሙ ወድቀው ወገባቸውን ተጎድተው ነበርና ገና በጠዋቱ ወደ ያዮ በሯል። ትንቢት ይህን አላወቀችም። የዚያን ቀን የጻፈችለት ደብዳቤ እንደ ሌላው ጊዜ ሁለት መስመር አልነበረም። አባቴ ድንገት ይገቡብኛል እያለች ጽፋ፣ ወረቀት ከወረቀት አደባልቃ ፋይሉን ይዛ ወጣች። ሱቁ ውስጥ ያገኘችው የፉፋን እህት ዲሪቤን ነው። ፉፋ ከጓዳ ያለ መስሏት ዓይኗን ወደዚያ ሰረቅ አደረገች እንጂ አልጠየቀችም። ዲሪቤ ሁሉንም ላባዛ ወይ ስትላት፣ ሁሉንም፣ እንደ ወትሮው ብላ ወጣች። ዲሪቤ ደግሞ የታዘዘችውን የማታጓድል ልጅ ናት።

የተባዛው ደብዳቤ ይህ ነው።

«ፉፋዬ፣

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ኪጋሊ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአሥራ ሁለት አገር የመጡ ተማሪዎችን እንዳስተምርለት ጠርቶኛል፤ ለሁለት ዓመት። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የተመኘሁት ሥራ ነው። መልስ የምሰጠው እስከ ሰኞ ቀትር ነው። ሂጂ ብትለኝ የጠላኸኝ ይመስለኛል። ቅሪ የምትለኝ ከሆነ ሽማግሌ ልከህ ቅሪ በለኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ።

አባባን እፈራቸዋለሁ። ቁጣቸውን አይደለም፣ ቁጣስ ያልፋል። ዝምታቸውን ነው። እናቴ ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ቃል ሳይተነፍሱልኝ ከረሙ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ በየጠዋቱ ጫማቸውን እጠርግላቸው ነበር። ያን ዝምታ ዳግመኛ የምችልበት አቅም የለኝም።

ያንተዋ፣
ት.»

ከዚህ በፊት ባለው ገጽ ግርጌ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ትእዛዝ ሰፍሯል፤ በሚቀጥለው ገጽ ያለውን ደብዳቤ አንብባችሁ ተገቢውን መልስ በአንድ ገጽ ጻፉ፣ ሰኞ ይመለስ።

ትንቢት ጃንጥላ እንኳ ሳታነሣ ነበር የወጣችው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ የትናንቱ ዓርብ አንድ በአንድ ይመጣባት ጀመር። ወደ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሻይ ቤት ስትገባ ጨዋታው ለምን ቀጥ እንዳለ፣ የጸጉር ቤቷ ልጅ ከበር ላይ ሆና ለምን እንደዚያ እንዳየቻት፣ ሰላም ብሏት የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ እያያት «አይዞሽ ቲቸር» ያላት ለምን እንደሆነ። ትናንት ምን ሆኖ ነው ብላ ንቃው ያለፈችው ነገር ሁሉ ዛሬ ገባት።

ዲሪቤ ገና ስታያት ማልቀስ ጀመረች። ትናንት ማታ ጎረቤት ነግሯት ነው የሰማችው። ወረፋው በዝቶባት ገጹን ሳታነብ እንዳባዛችው፣ አማርኛ መሆኑን አይታ የትርጉም መልመጃ ነው ብላ እንዳለፈችው፣ አርባ አንዱንም ቆጥራ እንዳስረከበች በሳግ መሀል ነገረቻት። ትንቢት ፉፋ የት አለ አለች። ያዮ ነው፣ ስልኩ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም አለቻት። አይዞሽ ብላ የዲሪቤን ትከሻ መታ መታ ያደረገችው ትንቢት ራሷ ናት፤ የሷን ትከሻ የሚመታላት ግን አልነበረም። ወደ ግቢው ተሻገረች።

የክፍሉን ተጠሪ ጋትሉዋክን ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ አገኘችው። ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ ያደገ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ማንበብ ግን አይችልም። ገና ስታየው ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስብልኝ አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት አያት። ጥያቄው ከባድ ነበርና ሁሉም በየፊናው ሄዶ አስነብቧል አለ። ሻይ ቤት ያስነበበ አለ፣ መናኸሪያ ያስነበበ አለ። እሱ ግን የብሩንዲዎቹን፣ የሶማሊያዋን ሂባቅንና ሌሎቹንም ይዞ በሦስት ቡድን ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር ሄዶ ነበር፤ እዚያ ለሰው ወረቀት የሚያነቡ አባት እንዳሉ ሰምቶ።

ትንቢት ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

አቶ ዲበኩሉ፣ የትንቢት አባት፣ አርባ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ጡረተኛ ጸሐፊ ናቸው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው መቱ ላይ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው፣ አፋን ኦሮሞን ከእናት ጡት ጋር ጠብተው፣ በስተርጅና ደግሞ ቁቤውን ተምረው፣ ዛሬ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በሁለቱም ቋንቋ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ማንበብ ለማይችል ያነባሉ። እንግሊዝኛውንም በንጉሡ ዘመን ስምንተኛ ክፍል ድረስ በደንብ ተምረውታል። ስለ ፉፋ የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ አንድ ማመልከቻ ሲያስተይቡ አይተውት፣ «ጨዋ ልጅ ነው፤ ቢማር ኖሮ» ብለው ነበር። ትንቢት ያቺን «ቢማር ኖሮ» እንደ ፍርድ ይዛ፣ እሷው ራሷ አትማ፣ እሷው መዝገብ ቤት አስቀምጣት ኖረች።

«መነጽራቸው በክር የታሰረ አባት ናቸው?» አለችው ጋትሉዋክን። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት።

«አዎ ቲቸር። በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። በአማርኛ ያነቡና በእንግሊዝኛ ይነግሩናል። ለሦስታችንም ቡድን አነበቡ።»

«ምንም አላሉም?»

ጋትሉዋክ አሰበ። «ሦስተኛው ላይ ውኃ ጠየቁ» አለ።

ዓርብ ማታ ከአባቷ ጋር አንድ ገበታ ላይ ነበረች። ይብሉ ስትላቸው በቅቶኛል ብለው ነበር የተነሡት። ትንቢት ሐሳቧ ኪጋሊና ያዮ መሀል ሲዋልል አምሽቶ ልብ አላለችውም። አሁን ነው ትዝ ያላት። ከአንገቷ እስከ እግሯ ብርድ ወረራት፤ ዝናቡ ደግሞ ቆሞ ነበር።

ቤት ስትገባ አቶ ዲበኩሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ደህና ዋሉ አባባ አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምሳ አቀረበች፤ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት። ምነው አመመዎት እንዴ ብትላቸው እጃቸውን ብቻ ወዝወዝ አደረጉ። ልንገራቸው፣ እግራቸው ላይ ልውደቅ፣ ሁሉንም ልናዘዝ እያለች ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቱንም ጊዜ ምላሷ ተሳሰረ። አባቷ ብዕራቸውንና አንድ ነጭ ወረቀት አወጡ። የሚጽፉትን በክንዳቸው ከልለው ረጋ ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ አጠፉት። ከዚያ ኮታቸውን ደርበው ባርኔጣቸውን አድርገው ያለ አንድ ቃል ወጡ። ትንቢት የበሩን መዘጋት ስትሰማ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ እንደተመለሰች ተሰማት። ይኸው መጣ፣ አለች በሆዷ፤ ይኸው ያ ዝምታ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲሪቤ ደወለች። አፏ ተንተባተበባት። አቶ ዲበኩሉ ሱቁ መጥተው ወረቀት ሰጥተዋት ሄደዋል፤ ፉፋ እንደመጣ ይድረሰው ብለው። አንብቢልኝ አለች ትንቢት። ዲሪቤ አነበበችላት። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው የሚመስለው፣ ለአርባ ዓመት እንደጻፉት ዓይነት። ለአቶ ፉፋ ይላል። በቀን እንዲህ በተባለ፣ በእጅ ተጽፎ በአርባ አንድ ቅጂ በተባዛው ደብዳቤ ላይ መልስ እንድትሰጥ፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከመኖሪያ ቤቴ በአካል እንድትቀርብ፤ ባትቀርብ ግን መልስ እንደሌለህ ተቆጥሮ ይታለፋል። ፊርማ፣ ዲበኩሉ።

ትንቢት ስልኩን እንደያዘች አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጁን ሊያዋርዱት ነው። እንደ ተከሳሽ አቁመው፣ ከየት ነህ፣ ምን ተምረሃል ብለው፣ አንገቱን አስደፍተው ሊመልሱት ነው። ፉፋ ደግሞ ኩሩ ነው። አንዴ አንገቱን ከደፋ ዳግመኛ ቀና ብሎ አያያትም። አይምጣብኝ ብላ ተመኘች። ወዲያው ደግሞ ባይመጣስ አለች፤ ባይመጣ እኮ መልስ የለውም ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛውን አብልጣ እንደምትፈራ ራሷም አላወቀችም። እሑድ እስኪደርስ እንቅልፍም እህልም አልተስማማትም።

እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ።

ፉፋ ብቻውን አልመጣም። አጎቱ ኦቦ ነመራ ከጎኑ አሉ፤ ከያዮ አብረውት የመጡ፣ ጋቢያቸውን ወግ ባለው መንገድ ያጣፉ ሽማግሌ። ፉፋ ቅዳሜ ማታ ከሱቁ አግኝቶ ንጋት ላይ ያደረሰላቸውን መጥሪያ አስነብበው፣ ይህማ የሽማግሌ ጥሪ ነው ብለው ከቤታቸው የተነሡ ናቸው። ደፍ ላይ ቆመው፣ ለጉዳይ መጥተናልና ሳንቀመጥ እንናገር ሲሉ አቶ ዲበኩሉ አቋረጧቸው። ይቀመጡ ኦቦ ነመራ፣ የጠራሁት ልጁን ነው አሏቸው። ኦቦ ነመራ ቅር ብሏቸው ተቀመጡ። ፉፋ ቆሞ ቀረ። ልጅቷ እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ ከጓዳ መዋል ነበረባት፤ አባቷ ግን እዚሁ ቁሚ ብለዋታል። ከጓዳው በር ተደግፋ ፉፋን አየችው። የመንገዱ ጭቃ ከሱሪው ላይ አልደረቀም። እሱም አንድ ጊዜ ብቻ አያት፤ በዚያች አንድ እይታ ውስጥ ቁጣ ይኑር ፍቅር ልትለየው አልቻለችም።

አቶ ዲበኩሉ ከተማሪዎቹ ያስቀሩትን የደብዳቤውን ቅጂ ከኪሳቸው አወጡ። «ይህን አንብበኸዋል?»

«አላነበብኩትም ጋሼ። ሰምቼዋለሁ።»

«ከማን?»

«ትናንት ማታ ከያዮ ስመጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩት ነበር። ልጁ ምን ይላት ይሆን ይባባላሉ። ልጁ ማን እንደሆነ የገባኝ ስሜን ሲጠሩት ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከተማው ሁሉ ሲያነበው ባለቤቱ ገና ነበር። አቶ ዲበኩሉ ወረቀቱን ዘረጉለት። ፉፋ ቆሞ አነበበው። ትንቢት ዓይኖቹ ከመስመር መስመር ሲወርዱ እየተከተለች፣ አሁን «ሂጂ ብትለኝ» ላይ ደረሰ፣ አሁን «ጫማቸውን» ላይ ደረሰ እያለች ትንፋሿን ያዘች። ሲጨርስ ወረቀቱን በሁለት እጁ ለአቶ ዲበኩሉ መለሰ።

«መልስህ?» አሉት።

ፉፋ ትንቢት ያልጠበቀችውን ነገር ተናገረ። የኪጋሊውን ነገር ከሦስት ወር በፊት ያውቀዋል። ትንቢት ማመልከቻዋን ከእሱ ለመደበቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ከደቅሲሳ ሱቅ አስተይባ ነበር። የዚያን ዕለት የደቅሲሳ ፕሪንተር ተበላሸበትና ፋይሉን በፍላሽ ይዞ አትምልኝ ብሎ ለማን ቢያመጣው ጥሩ ነው? ለፉፋ። የስሟን ፊደላት፣ የአሥራ ሁለቱን አገር ተማሪዎች፣ የሁለቱን ዓመት ነገር፣ አንድ በአንድ ከማሽኑ ሲወጡ ቆሞ አይቷቸዋል።

ትንቢት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት ወር ሙሉ ፉፋ ቀዝቅዟል፣ ደብዳቤው አጥሯል፣ ሰልችቼዋለሁ እያለች ያለቀሰችው ለካ ለዚህ ነው።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው። እንድትናገር ማንም አልጠየቃትም ነበር።

«ነግረሽኝ እንድትሄጂ እየጠበቅኩ ነበር። ሳትነግሪኝ ትሄጃለሽ ብዬም እፈራ ነበር» አላት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ። «መልሴ ይህ ነው ጋሼ። ብትሄድ እፈራለሁ፤ እዚያ ከተማሩት ጋር ውላ እኔን ትረሳኛለች ብዬ። ብትቀር ግን የባሰ እፈራለሁ። አንድ ቀን፣ ልጆች ወልደን፣ ኑሮ ሲከብደን፣ በአንተ ምክንያት ነው የቀረሁት ትለኛለች። እሱን ከምሰማ ሁለት ዓመት ብፈራ ይሻለኛል። ትሂድ። ሽማግሌ ግን ይኸው አምጥቻለሁ፤ የጠላኋት እንዳይመስላት።»

 አቶ ዲበኩሉ መነጽራቸውን አወለቁ። ትንቢት አሁን ዝም ሊሉ ነው አለች፤ ስትፈራው የኖረችው እሱ ነበርና ልቧ ተንጠለጠለ። አባቷ ግን ማውራት ጀመሩ፤ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ዝግ ባለ ድምፅ።

ደብዳቤውን ዓርብ ዕለት ሦስት ጊዜ እንዳነበቡት ነገሯቸው። በመጀመሪያው፣ እጅ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አልታያቸውም፤ የባለጉዳይ ወረቀት እንደሚነበበው አነበቡት። ፉፋ የሚል ስም ሲያዩ የመቱ ፉፋ አንድ ብቻ አይደለም ብለው አለፉት። ጫማው ላይ ሲደርሱ ነው የገባቸው። በሁለተኛው፣ ልጆቹ ከፊታቸው ተቀምጠው እየጠበቁ ስለነበር ማቆም አልቻሉም፤ የገዛ ልጃቸው እንደምትፈራቸው ለባዕድ ልጆች በእንግሊዝኛ ተረጎሙ። በሦስተኛው ቡድን ውስጥ ሂባቅ የምትባል የሶማሊያ ልጅ ነበረች። ደብተሯን ይዛ መልስ ልትጽፍ ስትል ቀና ብላ ጠየቀቻቸው።

«ባባ አለችኝ» አሉ አቶ ዲበኩሉ። «ባባ፣ ይህ አባት ልጁ እንደምትፈራው ያውቃል? ብላ ጠየቀችኝ። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት ስኖር እንደዚያ ያለ ጥያቄ አልሰማሁም። ውኃ ጠየቅኩ።»

«አባባ...» አለች ትንቢት።

«ቆይ ልጨርስ። እናትሽ ስትሞት ዝም ያልኩት በአንቺ ተቀይሜ አይደለም። አንድ ቃል ከወጣኝ የማለቅስ መስሎኝ ነው። ፊትሽ ባለቅስ የምትይዢው ታጪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ነበር። ጫማዬን ስትጠርጊ አይ ነበር፤ ምን ማለትሽ እንደሆነ ግን እስከ ዓርብ ድረስ አላወቅኩም።»

ኦቦ ነመራ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ። ፉፋ ወደ መሬት አየ።

«አሁን አንቺ ንገሪኝ» አሏት። «ልጁ መልሱን ሰጥቷል። ለሱ ብለሽ አትመልሺ፣ ለእኔ ብለሽም አትመልሺ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ትንቢት በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እስከ ዛሬ የፈራችው ሰው ይከለክለኛል ብላ ነበር፤ አሁን የሚከለክላት የለም። አርባ አንድ ተማሪ ፊት ቆማ ስትናገር የማይርበተበተው አፏ ሁለት ቃል ለማውጣት ተቸገረ።

«ሁለቱንም» አለች። «ሥራውንም፣ እሱንም። ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

ይህን ለራሷ እንኳ ነግራ አታውቅም ነበር። ያሳፍራታል ብላ የፈራችው ነገር ከአፏ ሲወጣ አላሳፈራትም። ፉፋን አየችው፤ እሱም ቀና ብሎ አያት።

አቶ ዲበኩሉ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ኦቦ ነመራ፣ እንግዲህ ይነሡና እንደ ደንቡ ይጠይቁኝ» አሉ።

ሽማግሌው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና መጥተናል አሉ። የሴት ልጅ አባት ቢደሰትም እንኳ ያን ቀን እሺ አይልም። ከዘመድ ልማከር ብሎ የሁለት ሳምንት ወይም የወር ቀጠሮ መስጠት ወጉ ነው፤ ለዚያውም አቶ ዲበኩሉ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቀጠሮ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰኞ ቀትር ደግሞ ነገ ነው። ሁሉም የቀጠሮውን ቀን ጠበቀ። አባቷ ግን ወደ ትንቢት ዞሩ።  

«ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» አሏት።

ሄዳ ተቀመጠች። እጇን ያዙት። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ይዘውት አያውቁም። መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው የራሷ እጅ መስሏት ነበር፤ የእሳቸው ነው።

«ቀጠሮ የለውም፣ ሰጥቻለሁ» አሉ። «ነገ ለኪጋሊዎቹ እሺ ትበላቸው። ሁለት ዓመቱን ሠርታ ትመለሳለች፤ ሠርጉም ያኔ ይሆናል። አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ግን እጠይቅሃለሁ። እሷ እስክትመለስ እሑድ እሑድ እየመጣህ አጫውተኝ። ብቻዬን ከቀረሁ ዝም ማለት ይመለስብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

ፉፋ «እሺ ጋሼ» አለ። ትንቢት ግንባሯን በአባቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።